ቸሩ ኳስ አቀባይ

አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ስሙ ኢዮስያስ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ግን ክፍል ገብቶ ስም የሚጠራ መምህር ብቻ ነበር። የቀረው ሰው ሁሉ፣ ከመመገቢያ አዳራሽ ሠራተኞች ጀምሮ እስከ በር ጠባቂዎቹ ድረስ፣ «ቸሩ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት በድምፅ ማጉያ ጨዋታ የሚያስተላልፍ አንድ ተማሪ ነው። ኢዮስያስ ብቻውን ቅርጫቱ ስር ደርሶ፣ ማግባት ሲችል፣ ዘወር ብሎ ለጓደኛው ሲሰጥ አይቶ «ቸሩ» አለ፤ አዳራሹ ተቀበለው፤ በዚያው ቀረ።

ቅርጫት ኳስ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አምስት ሰው ይጫወታል። ከአምስቱ አንዱ ኳሱን ከኋላ እያነጠረ ይዞ ይመጣል፤ ማን የት እንደቆመ ያያል፤ መቼ እንደሚሮጥና መቼ እንደሚቆም ይወስናል። ፖይንት ጋርድ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከአምስቱ አጭሩ እሱ ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ግን የሚሮጡት እሱ ሲሮጥ ነው፣ ትንፋሽ የሚሰበስቡትም እሱ ሲፈቅድላቸው ነው። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ ይጮሃል እንጂ የጨዋታው ፍጥነት ያለው በዚህ ሰው እጅ ነው። ኢዮስያስ በዚህ ቦታ አራት ዓመት ተጫውቷል።

በአራት ዓመት ውስጥ ራሱ ወደ ቅርጫት የወረወረው ከስንት አንዴ ነው። ሁልጊዜ ለሌላ ይሰጣል። የሥነ ምግባር መምህሩ ሳይቀሩ ክፍል ውስጥ ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውታል። «ራስ ወዳድነት አገሩን በሞላበት በዚህ ዘመን፣ እስቲ ይህን ልጅ እዩት» አሉ። መምህሩ ጨዋታ የሚያዩት አልፎ አልፎ፣ ያውም ከሩቅ ነበር።

ከሜዳው ዳር አንዲት መዝጋቢ ጠረጴዛ ዘርግታ ትቀመጣለች። አንድ ተጫዋች ኳስ አቀብሎ የተቀበለው ካገባ፣ በአቀባዩ ስም አንድ ምልክት ታሰፍራለች። የተቀበለው ከሳተ ምንም አይጻፍም። ኢዮስያስ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በግራ በኩል የሚጫወት አንድ ልጅ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሳተበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ኳስ ወደዚያ ልጅ አልሄደችም። ልጁ እጁን እያነሳ፣ እየጠበቀ፣ ቆይቶም እጁን እያወረደ አንድ ዓመት ከረመ፤ በመጨረሻም ችሎታዬ ቀነሰ ብሎ ቡድኑን ለቀቀ። ጥፋቱን በቸሩ ላይ ያየ ሰው አልነበረም። ቸሩ ይነፍጋል ብሎ ማን ያስባል?

የማይስተው ተካልኝ ነበር። ተካልኝ የኢዮስያስ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነው። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ ሲገባም ሲወጣም አንገቱን ይሰብራል፤ ሲተኛ እግሩ ከአልጋው ያልፋል። አባቱ ግንበኛ ናቸው፤ «ሰው የሰጠህን አትመልስ» እያሉ ነው ያሳደጉት። ስለዚህ ተካልኝ ከሰው እጅ የመጣን ነገር እምቢ ማለት አይችልበትም። ጠግቦም ቢሆን ካቀረቡለት ይበላል፤ የሌላ ሰው የቤት ሥራ ቢሰጡት ይሠራል። ሜዳ ላይም ያው ነው። ኳስ ከተላከለት፣ የትም ትሁን የት፣ ሮጦ ይደርስባታል። ኢዮስያስ በአራት ዓመት ካስመዘገበው ከግማሽ በላዩ በተካልኝ እግር የመጣ ነው። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር፤ ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። ባይዋደዱማ ኖሮ ታሪኩ እንዲህ አይከብድም ነበር።

በመጨረሻው ዓመታቸው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በራሳቸው ግቢ ተዘጋጀ። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተካልኝ ወደ መኝታ ክፍላቸው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ጨመደደው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አለፈውና በሦስተኛው ወደ ግቢው ክሊኒክ ሄደ። ነርሷ ደረቱን አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ወረቀት ጻፈችለት። «ልብህን በመሣሪያ ይዩልህ። እስከዚያ ድረስ እንዳትሮጥ» አለችው። ተካልኝ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ አጥፎ አስቀመጠና ለኢዮስያስ ብቻ ነገረው።

«ለኮች እንንገረው?» አለ ኢዮስያስ።

«ከነገርነውማ ያስቀምጠኛል። ከኔ ሌላ ረጅም አላችሁ እንዴ? ከፍጻሜው በኋላ እሄዳለሁ።»

«አብረን እንሄዳለን» አለው ኢዮስያስ። ይህን ያለው ከልቡ ነበር፤ ሰው ብዙ ነገር ከልቡ ይላል።

ቡድኑ አሸንፎ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ተካልኝ በየጨዋታው መሃል እየወጣ እያረፈ፣ ደህና ነኝ እያለ እዚያ ደረሰ። ለፍጻሜው ግን የሚቀይረው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ ስለነበር አርባውን ደቂቃ ሙሉ መጫወት ግድ ሆነበት። ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

«ኢዮስ፣ ፍጥነቱ ያንተ ነው» አለው ተካልኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ቀስ እያደረግህ አጫውተን። ቀስ ካልን እችለዋለሁ።»

«ገብቶኛል።»

«የምሬን ነው። እኔን ታውቀኛለህ፤ ኳስ ከተላከች መሮጤ አይቀርም። አንተ ነህ የማትልካት።»

«ተኬ፣ አልኩህ እኮ። ቀስ ነው የምንጫወተው።»

የመጀመሪያውን አጋማሽ ቃሉን ጠበቀ። ኳሱን እያነጠረ በእርጋታ ይመጣል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ይጠብቃል፣ ከዚያ ለዚህም ለዚያም ያካፍላል። ተመልካቹን ትንሽ ደበረው፤ ቡድኑ ግን በዘጠኝ ነጥብ ይመራ ነበር። ቀስ ማለቱ ቡድኑን ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም። ይህን አስታውሱልኝ።

ያን ቀን ከዋና ከተማ የመጣ የአንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኝ ከተመልካቹ መሃል ተቀምጦ ነበር። አቀባይ ፍለጋ ነው የመጣው ተብሏል። ኢዮስያስ ሊመረቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ከሱ በፊት የተመረቁት ዲግሪያቸውን ይዘው ቤተሰባቸው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው የስልካቸውን መስታወት ሲያሹ አይቷል፤ እንደነሱ መሆንን ከምንም በላይ ይፈራ ነበር። በእረፍት ሰዓት ውሃ ሊጠጣ ወደ ቧንቧው ሲሄድ፣ አሰልጣኙ ለግቢው የስፖርት ኃላፊ ሲናገር ሰማው።

«ፈጣን ነው ብላችሁኝ ነበር እኮ። ይሄ ልጅ ግን እንደ ሽማግሌ ነው የሚያጫውተው።»

ሰውዬው ይህን የተናገረው በሳቅ ነው፤ ተናግሮም ወዲያው ሳይረሳው አይቀርም። ኢዮስያስ ግን ጆሮው ጋለ። ሲመለስ በመዝጋቢዋ ጠረጴዛ በኩል አለፈና ወረቀቷን አየት አደረገ። በስሙ የተጻፈው ሦስት ምልክት ብቻ ነበር። የውድድሩ ምርጥ አቀባይ ለመባል ሰባት ይቀረዋል።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ተጋጣሚዎቹ ኳስ ሳቱ። ኢዮስያስ ለቅሞ ቀና ሲል ተካልኝ ከፊት ለፊት ነበር። ሳያስብበት ላከለት። ተካልኝ ሮጦ ደረሰባትና አገባ። አዳራሹ ከአንድ ሰዓት ድብርት በኋላ ተነስቶ ጮኸ። ተካልኝ ሲመለስ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር። ኢዮስያስ «ደህና ነው፤ ይችላል» አለ በልቡ። ደግሞ አንድ ላከ። ደግሞ አንድ።

«ኢዮስ፣ ቀስ» አለው ተካልኝ በአጠገቡ ሲያልፍ።

ኢዮስያስ ራሱን ነቀነቀለት። ቀጥሎ ኳስ ሲይዝ ግን እግሩ በራሱ ፈጠነ። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚመርጠው ውሸት ሁልጊዜ ከጠባዩ ጋር የሚስማማውን ነው። ኢዮስያስ የመረጠውም እንዲህ የሚል ነበር፦ እኔ ምን ወሰድኩበት? እየሰጠሁት ነው። የሚያገባው እሱ፣ የሚጨበጨብለትም ለሱ። አሰልጣኙ እሱንም ቢወስደውስ?

ተካልኝ ሁለተኛ ጊዜ ከኋላ መጥቶ የማልያውን ጫፍ ያዘው። «ቀስ ብዬሃለሁ» አለው። ድምፁ አጥሮ ነበር። ኢዮስያስ ወደ ኋላ ሳይዞር «አንድ ሁለት ብቻ፣ ከዚያ እናረጋጋዋለን» አለው። መሪነታቸው አሥራ ሦስት ነጥብ ደርሶ ነበር። ኳሱን ይዞ ቢቆም፣ ሰዓቱ ዝም ብሎ ቢሄድ፣ ዋንጫው የነሱ ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ በቃል አልነበረም። ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ለተጋጣሚ ቅጣት ሰጥቶ ጨዋታው ቆመ። ተካልኝ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ ኢዮስያስን አየው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ላብ እንደሌላው ሰው ላብ አይደለም። ኢዮስያስ አላየውም ብዬ ላቀልለት እችል ነበር። አየው። በደንብ አየው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሰዓቱ አዞረ።

ቅጣቱ ተሳተና ኳስ ኢዮስያስ እጅ ገባች። በግራ በኩል አንድ ልጅ ብቻውን ቆሞ እጁን አንስቶ ነበር። ለሱ መስጠት ይችላል። ይዞ መቆምም ይችላል። ግን ኢዮስያስ እንደለመደው ገና ሲነሳ ተካልኝ መሮጥ ጀምሮ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያስለመደው፦ እኔ ከተነሳሁ ሩጥ፣ ኳሷ ታገኝሃለች። አንዴ ከሮጠ ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ ለኢዮስያስ ነውር መሰለው። ላከለት። በሁለት ተከላካዮች መካከል አልፋ፣ አንዴ ነጥራ፣ ተካልኝ እጅ ላይ አረፈች። ያቺን ኳስ ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሯታል። ተካልኝ ዘለለና አገባ።

ሲወርድ በጉልበቱ ወረደ። ሰዉ ፈጣሪውን የሚያመሰግን መስሎት አጨበጨበለት። ከዚያ ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ፤ ጭብጨባው ጨመረ። ጭብጨባው ያቆመው ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ መሮጥ ሲጀምር ነው። መዝጋቢዋ ከመደንገጧ በፊት እጇ እንደለመደው በኢዮስያስ ስም አንድ ምልክት አድርጋ ነበር። ከቀሩት ሰባት ምልክቶች የመጨረሻው እሱ ነው። ተካልኝ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ዐረፈ።

ጨዋታው በነበረበት ውጤት እንዲጸና ተወሰነ። ከሦስት ቀን በኋላ የሕሊና ጸሎት ተደርጎ ሽልማቱ ተሰጠ። ኢዮስያስ የምርጥ አቀባይነቱን ዋንጫ ሲቀበል አለቀሰ። ለጓደኛው አለቀሰ ተባለ፤ ግማሹ እውነት ነው።

ከዚያ ቡድኑ በአውቶቡስ ወደ ተካልኝ አገር ለለቅሶ ሄደ። ኢዮስያስ መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር። ሁሉንም ሊናገር ወስኗል፦ ወረቀቱን፣ ጫማ ሲያስሩ የተባለውን፣ ሦስቱን ልመና። ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ የተካልኝ አባት አቶ ላምቤቦ ተነስተው ተቀበሏቸው። ትከሻቸውን የድንጋይ ሸክም ያጎበጠባቸው ሰው ናቸው። አንድ በአንድ እያዩ መጡና ኢዮስያስ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቸሩ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«በደወለ ቁጥር ስላንተ ነበር የሚያወራን። ‹የማገባው ሁሉ ኢዮስ የሚሰጠኝን ነው› ይለን ነበር። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ልጄን አጉርሰኸዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እናቲቱም መጥተው ሁለት እጁን ይዘው ሳሙ። ከተካልኝ ወንድሞች መሃል ቦታ አስለቅቀው አስቀመጡት። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ እሱን ጭምር እግዜር ያጽናህ እያለ አለፈ። ኢዮስያስ የመጣው ሊነግራቸው ነበር፤ የተመለሰው ግን ተመስግኖ ነው።

ክለቡ ወሰደው። አሰልጣኙ ያችን የመጨረሻ ኳስ አይቷልና አላመነታም። ኢዮስያስ ተመርቆ ወደ ዋና ከተማ ሄደ፤ ሲመኘው የኖረውን ማልያ ለበሰ። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ቅርጫቱ ስር ብቻውን ቆሞ እጁን አነሳ። ኢዮስያስ ኳሱን ይዞ ፊቱን አየው። ላቡን አየ፣ ከንፈሩን አየ፣ የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት አየ። እጁ አልለቅ አለው።

«ደክሞሃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው ሆነ፣ በሦስተኛውም። ኳስ እየያዘ ይቆማል፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ያያል፣ እስኪያይ ሰዓቱ ያልቃል። ለመላክ ሲሞክር ደግሞ የተቀባዩ ጉልበት ሊታጠፍ ነው እያለ ልቡ ይቆማል። «ኳሷ እጅህ ላይ ተጣበቀች እንዴ?» ይለዋል አሰልጣኙ። በወር ውስጥ የቡድኑ ልጆች አዲስ ስም አወጡለት፤ «ስስታሙ» አሉት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀባዩን ፊት ማየት በጀመረ ጊዜ ነው ስስታም የተባለው። በሦስተኛው ወር ከቡድኑ ቀነሱት። ሌላ ክለብ ሞከረ፤ እዚያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆየ። የኳስ ሕይወቱ በዚህ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ኳስ ሲነጥር የሚሰማበት ሰፈር እንኳ ማለፍ አቃተው።

የተካልኝ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እንቅልፍም ምግብም እምቢ ሲለው፣ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አቶ ላምቤቦ ቤት ሄደ። ሲደርስ ረፋድ ነበር። እናቲቱ ገበያ ወጥተዋል። አቶ ላምቤቦ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ድንጋይ ይጠርባሉ። ሲያዩት መዶሻቸውን አስቀምጠው ተነሱ፤ አቅፈው ሳሙት፤ በርጩማ አወጡለት።

ኢዮስያስ ሳይቀመጥ ተናገረ። ምንም አልደበቀም። የነርሷን ወረቀት ነገራቸው፣ የገባውን ቃል ነገራቸው፣ ስለ ክለቡ አሰልጣኝና ስለ ሰባቱ ምልክቶች ነገራቸው። ሲጨርስ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ አለ፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ከለከሉት። የተጠረበውን ድንጋይ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ቀስ በል ብሎህ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ። ሦስተኛውን በዓይኑ ነው።»

«በዓይኑ» አሉ አቶ ላምቤቦ። «እኛ እኮ ልጃችን ሳይጨነቅ፣ ሳያውቀው፣ እየተጨበጨበለት ሄደ ብለን ነው አንድ ዓመት የከረምነው። እናቱ ይቺን ይዛ ነው ጠዋት የምትነሳው።»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ።

«ልጠይቅህና እንዳትዋሸኝ» አሉት። «አሁን ነግረኸኝ ቀለለህ?»

ኢዮስያስ አይ ሊል ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ቀልሎታል፤ ደረቱ ላይ አንድ ዓመት የተቀመጠው ነገር በእርግጥ ተነስቷል። «ትንሽ» አለ።

«እንግዲያው እኔ ይዤዋለሁ» አሉ አቶ ላምቤቦ። «አልመልስልህም። ለእናቱ ግን እንዳታቀብላት።»

ይህን ብለው መዶሻቸውን አነሱ። ምሳ ብላ አላሉትም፤ አልሰደቡትም፤ አልረገሙትም። ኢዮስያስ ተሰናብቶ ወጣ። አስፋልቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ የቀለለው ነገር አብሮት ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ምን እንዳደረገ ገባው። ልጁ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነበር፤ እሱን ያሳደጉት አባትም እንደዚያው ናቸው። ኢዮስያስ ያን ረፋድ ዓይናቸውን ሳያይ፣ አቅማቸውን ሳይጠይቅ፣ እንደለመደው ላከላቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የተካልኝ እህት ደወለችለት። አባቷ ከሰው ጋር መነጋገር እንደተዉ ነገረችው። የልጃቸው ስም ሲነሳ ተነስተው ይወጣሉ፤ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደዋል። እናቷ ደግሞ «አባቱ እንዲህ በአንድ ዓመት ይረሳዋል ብዬ አላሰብኩም» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ቤት ውስጥ ተኳርፈው ነው የሚኖሩት።

«አንተ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ ነው» አለችው። «ያኔ ነግረውህ የነበረ ነገር ይኖር ይሆን? ምን ሆነው ነው?»

ኢዮስያስ እውነቱን ቢናገር ለእሷም አቀበላት ማለት ነው። «አላውቅም» አላት። ይህን ቃል ከተናገረ ወዲህ፣ አሁን የትም ቢሆን፣ ማንም ሊያቃልልለት የማይችለውን ይዞ ይኖራል።

የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሚያጽናና ግን አይደለም። ከእጃችን የወጣ ሁሉ ስጦታ አይደለም። የምንሰጠው ነገር በእኛ ስም የሚጻፍ ከሆነ፣ ተቀባዩ በሮጠ ቁጥር የምንመሰገነው እኛ ከሆንን፣ ያ ቸርነት ሳይሆን በሰው እግር መሮጥ ነው። ይቅርታ መጠየቅም ቢሆን፣ የራሳችንን ሸክም ሌላው ትከሻ ላይ አሳርፎ ቀልሎ ለመሄድ ከሆነ፣ ከዚያው ከመጀመሪያው ጥፋት የተለየ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ የሚጎዱት ጥሩዎቹ ናቸው፤ የሰጠናቸውን የማይመልሱት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለልጃችሁም ሆነ ለሠራተኛችሁ፣ ለጓደኛችሁም ሆነ ለትዳር አጋራችሁ «ለሱ ብዬ ነው፣ ለሷ ብዬ ነው» እያላችሁ የምትሰጡ ሁሉ፦ ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱን አይታችሁታል? ካያችሁትስ በኋላ፣ ሰጣችሁት?